ሽቦ ላይ ያወጣሁት የሰው ድምፅ

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሚዛን ተፈሪ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ ሁለት እጄን ከቧንቧ ሥር ዘርግቼ ቆምኩ። ውኃ የለም። እጄን ወደ ግራ አደረግሁ፤ የለም። ወደ ቀኝ አደረግሁ፤ የለም። ባለፈው ወር ጅማ የገባሁበት ሆቴል ቧንቧው እጅ ሲያይ በራሱ ይፈስ ስለነበር ይኸኛውም እንደዚያ መስሎኝ ነው። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። በመጨረሻ ጎንበስ ብዬ የቧንቧውን ዓይን መፈለግ ጀመርኩ።

«አባባ፣ ይጠመዘዛል እኮ» አለችኝ አስተናጋጇ፣ ሰሃን ተሸክማ ስታልፍ።

«አውቃለሁ፤ እየፈተሽኩት ነው።»

«ምኑን?»

«ትዕግሥቱን።»

የተሰለፉት ሳቁ። እሷም እየሳቀች ጠመዘዘችልኝና «ሥራዎ ምን ነበር አባባ?» አለች። «እርሻ ላይ በራሱ የሚሠራ መሣሪያ እተክል ነበር» ብዬ እውነቱን ብነግራት ሰሃኑ ከእጇ ሊወድቅ ደረሰ።

ቤት ገብቼም አልተረጋጋሁም። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ወንበር አይቀበለኝም። ይችን ገጽ ስጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ፤ አንዴ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ልቀባ፣ አንዴ የጎረቤት ባጃጅ ሞተር ለምን እንደዚያ እንደሚያስል ልሰማ፣ አንዴ ደግሞ ለምን እንደተነሣሁ ረስቼ። ባለቤቴ ዘይነባ «ጀማል፣ ወይ ጻፍ ወይ ዙር፤ ሁለቱን አታደባልቅ» አለችኝ። እጽፋለሁ። እግሬ ግን ከጠረጴዛው ሥር እየዞረ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ለሚዛን ቅርብ በሆነችው ሸዋ ቤንች አካባቢ አንድ የእሸት ቡና መፈልፈያ ውስጥ ነው። አባቴ ከጅማ ወደ ሚዛን የመጣ ነጋዴ ነበር፤ እኔ ግን ሂሳቤ አንዴ የሚተርፍ አንዴ የሚጎድል ስለነበረ ለሱቅ አልሆንኩም። መፈልፈያው ላይ ቀዩን ቡና በማፍሰሻው እለቃለሁ፤ ከበሮው ይዞራል፤ ቀይ ልጣጩ በአንድ ወገን፣ የሚያሟልጨው ፍሬ በሌላ ወገን ይወጣል። እዚያ የተማርኩት አንድ ትልቅ ነገር መስማት ነው። ከበሮው ፍሬ መቁረጥ ሲጀምር ድምፁ ይለወጣል፤ ኩሽኔታ ሊያልቅ ሲል ከሳምንት በፊት ይናገራል። ዓይኔን ጨፍኜ የትኛው ማሽን እንደታመመ እናገር ነበር። በዚህ ጆሮዬ እኮራ ነበር። ይህን ኩራቴን አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እከሰስበታለሁ።

ከዚያ ሚዛን ያለ የቡና ማበጠሪያ ተቀጠርኩ፤ ከዚያ ደግሞ ቴፒ አጠገብ አንድ ትልቅ የቡና እርሻ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፈልጎ ወሰደኝ። ደመወዙ ትንሽ ከፍ ያለ ነበር፤ የሚሞላው ወረቀት ግን ከደመወዙ በላይ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰለሞን አዲስ ነገር የሚወድ፣ ፈጣን፣ ቅን ሰው ነው። ጠዋት በስልኩ ያየውን ከሰዓት በኋላ ተተክሎ ማየት ይፈልጋል። እኔም ያንኑ በሽታ ስላለብኝ ተስማማን።

መጀመሪያ የመጣው ቡና በቀለም የሚለይ ማሽን ነው። ፍሬው እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ ካሜራዎቹ እያንዳንዷን ፍሬ ያያሉ፤ ጥቁሯንና የተበላችውን በአየር ግፊት እፍ ብለው ያስወጧታል። በቴፒ ወበቅ የካሜራው መስታወት ላብ ያልበዋል፤ ላቡ ላይ ደግሞ የቡናው አቧራ ይለጠፋል። እኔ መስታወቱን ሳልጠርግ አንድ ጠዋት አስነሣሁት። ማሽኑ ዓለም ሁሉ ጠቁሮበት ጥሩውን ቡና በሙሉ ሲተፋ ዋለ። በእጃቸው ይለቅሙ የነበሩት ሴቶች ጥጉ ላይ ቆመው «ጾም ላይ ነው መሰለኝ፣ ምንም አይቀምስም» ተባባሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሰዓቱ ለስላሳ ጨርቅ ይዤ የምዞር የካሜራ ሞግዚት ሆንኩ።

ቀጥሎ የችግኝ ጣቢያው ውኃ መርጫ መጣ። አፈሩ ሲደርቅ ሴንሰሩ ይነግረዋል፤ እሱ ይረጫል። እኔ ሴንሰሩን የቀበርኩት ከሚያንጠባጥብ ቧንቧ አጠገብ ነበር። ሴንሰሩ «እኔ ርሻለሁ» ብሎ ተቀመጠ፤ ችግኞቹ ሊሞቱ ሲሉ አንዲት አረም ነቃይ አይታ በባልዲ አዳነቻቸው። መሣሪያ የሚያውቀው ያስቀመጥክበትን ቦታ ብቻ እንደሆነ በዚያ ሳምንት ገባኝ። እንደገባኝ ብቆይ ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ ጋሽ ማቴዎስ ልምጣ። ቅድም የተነሣሁት እሱ ላይ ላለመድረስ ሳይሆን አይቀርም።

ጋሽ ማቴዎስ የቤንች ሰው ነው፤ እርሻው ከጫካው ጋር በሚዋሰንበት ዳር ላይ ቡናውን ከእንስሳት የሚጠብቅ። ዝንጀሮ ቡና ሲቀላ ያውቃል፤ ከእኛ ለቃሚዎች አንድ ቀን ይቀድማል። ፍሬውን መጦ ይተፋል፤ ቅርንጫፉንም ይሰብራል። ጋሽ ማቴዎስ ከፍ ያለ የእንጨት ማማ ላይ ይወጣል፤ ያያል፤ ይጮኻል። እኔ «መጮህ ሥራ ነው?» ብዬ ሳቅሁበት። እሱም «መጥተህ ጩህ» አለኝ።

ሄድኩና ጮኽኩ። አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ፣ ጋሽ ማቴዎስ «ሊቀመንበሩ» የሚለው፣ ዞር ብሎ አየኝና መብላቱን ቀጠለ።

«ምን አየህ?» አለኝ።

«አልፈራኝም።»

«የሚያስፈራው ነገር እንደሌለ ስለሚያውቅ ነው። አንተ ጮህክ እንጂ ልትመጣ አላሰብክም።»

የዚያን ሰውዬ አሠራር እስከ ዛሬ አልረሳም። ከአንድ ቦታ ሁለት ጊዜ አይጮህም። ዝንጀሮ ሸሚዝ ይለያል ብሎ በየቀኑ ሸሚዝ ይቀያይራል፤ ሸሚዝ ሲያልቅበት የጎረቤቱን ይዋሳል። ሴት ጠባቂዎች የወንድ ካፖርት እንዲደርቡ ያደርጋል፤ ዝንጀሮ ሴትን ይንቃልና። ለጦጣ አንድ ጩኸት አለው፣ ለከርከሮ ሌላ፣ ለዝንጀሮ ደግሞ ሁለት። ጮኾ ሲያበቃ ደግሞ ዝም ይላል፤ ረጅም ዝምታ። «የሚያባርራቸው እሱ ነው» ይላል። «ስጮህ የት እንዳለሁ ያውቃሉ። ዝም ስል አያውቁም።» እኔ ማሽን እንደምሰማ እሱ ጫካ ይሰማ ነበር፤ ሁለት የጆሮ ሰዎች ተገናኘን።

አቶ ሰለሞን እንስሳ በራሱ የሚያባርር መሣሪያ አመጣ። እንቅስቃሴ የሚያይ ዓይን ዛፍ ላይ ይታሰራል፤ አንድ ነገር ሲያልፍ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል። ከፋብሪካው የመጣው ድምፅ የውሻ ጩኸት ነበር፤ ሊቀመንበሩ ሁለት ቀን ሸሸውና በሦስተኛው ቀን ከድምፅ ማጉያው ሥር ቁጭ ብሎ ቡናውን መጠጠ። ያኔ ነው «የጋሽ ማቴዎስን ድምፅ ብንቀዳስ?» ያልኩት። በሐሳቤ ኮራሁ። አቶ ሰለሞንም ትከሻዬን መታ።

ጋሽ ማቴዎስ መቅጃውን አይቶ ጉሮሮውን ጠረገና አራት ጩኸት ሰጠኝ። «ሌላስ?» አልኩት።

«ሌላ አንድ አለ። ግን ለእንስሳ አይደለም፤ ለሰው ነው። ሰው ሲወድቅ፣ ቤት ሲቃጠል። ይህን የሰማ የያዘውን ጥሎ ይመጣል፤ ያልመጣ ሰው እኛ ጋ ሰው አይደለም። ይህን እንዳታስገባ።»

«እንዴት ነው የሚለው?»

እንዳውቀው ብሎ ጮኸ። አንድ ረጅም፣ ከዚያ ሁለት አጭር። ከወንዙ ማዶ በቆሎውን ይኮተኩት የነበረ ጓደኛው ወልዴ ገጀራውን እንደያዘ ሲሮጥ መጣ፤ ጋሽ ማቴዎስም «ለዚህ ሞኝ እያስተማርኩት ነው» ብሎ መለሰው። ወልዴ እያለከለከ እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝና «ይህን ለማስተማር ሌላ ቀን አልነበረም?» አለ። ሦስታችንም ሳቅን።

መቅጃውን አላጠፋሁትም ነበር።

አራቱን ጩኸት ሞከርኩ። ዝንጀሮዎቹ በሳምንት ለመዷቸው። አምስተኛው መቅጃው ላይ ተቀምጦ ያየኛል። አንድ ጠዋት «ለሙከራ ብቻ» ብዬ አስገባሁት። ሊቀመንበሩ ወገኖቹን ይዞ በአንድ ትንፋሽ ጫካ ገባ። ምክንያቱ ኋላ ነው የገባኝ፤ ያ ጥሪ በተሰማ ቁጥር ሰው ገጀራና ውሻ ይዞ እንደሚመጣ እነሱም ያውቃሉ። የዚያን ቀንም ሰው መጣ። ወልዴ ፊተኛው ነበር። ዐሥራ ሁለት ቤት ከወንዙ ማዶና ከዳገቱ ሥራቸውን ጥለው ተሰበሰቡ፤ አንዲት እናት ሊጥ በእጇ ነበር። እኔ ሽቦ ይዤ ቆሜአለሁ።

«የት አለ?» አለኝ ወልዴ።

«ማን?»

«ማቴዎስ ነዋ!»

ማቴዎስ እዚያው ከኋላቸው ቆሞ ነበር። ቀስ ብሎ መጣና «አውጣው» አለኝ።

«ነገ አወጣዋለሁ ጋሼ።»

«ዛሬ አውጣው።»

«ነገ።»

ነገ እንግዶች መጡ፤ አቶ ሰለሞን ዝንጀሮዎቹ ሲሮጡ አሳያቸው፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ከነገ ወዲያ ዘነበ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ደግሞ ውጤቱ ጥሩ ስለሆነ ማውጣቱ አሳዘነኝ። እውነቱን ልናገር፤ በዕድሜዬ ያበጀሁት ሁሉ ትንሽ ሲበላሽ ኖሮ ይህ አንዱ ሠራልኝ። ጋሽ ማቴዎስ በየጠዋቱ ወርክሾፔ በር ላይ ይቆማል። እኔ «ነገ» እላለሁ። ሦስት ሳምንት ሞላው። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ እየሮጡ ይመጡ ነበር፤ ከዚያ እየተራመዱ፤ ከዚያ ቀና ብለው ማየት ብቻ፤ ከዚያ ያንንም ተዉት።

አንድ ቀን ጋሽ ማቴዎስ በሬ ላይ አልቆመም። «ተቀበለው» ብዬ ደስ አለኝ።

ረፋድ ላይ ጥሪው ተሰማ። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። እያበጀሁት ከነበረው ፓምፕ ላይ ቀና ብዬ ለረዳቴ ለወይዘሮ ብርቄ «ዛሬስ ጥሩ እየሠራ ነው» አልኳት። እንደገና ተሰማ። እንደገና። ምሳ በላን። እንደገና። «ዝንጀሮው ዛሬ ምን ነካው?» አለች ብርቄ። ከሰዓት በኋላ አቶ ሰለሞን ከቢሮው ብቅ ብሎ «ጀማል፣ ስብሰባ ልንጀምር ነው፤ ያን ነገር ዝም አሰኝልን» አለኝ።

የዛፎቹ መስመር በሙሉ በአንድ ማጥፊያ ነው የሚሠራው። አወረድኩት። ዝም አለ። ወደ ፓምፔ ተመለስኩ።

ተሰማ።

ማጥፊያውን አየሁት፤ ወርዷል። ደግሜ አነሣሁት፣ አወረድኩት። ፊውዙን ነቀልኩና በመዳፌ ያዝኩት። ፊውዙ እጄ ላይ እያለ ድምፁ ጮኸ። ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፤ ማለት ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ የገባውን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ድምፁ ሻክሯል። ረጅሙ አጥሯል። አጭሮቹ ሁለት መሆናቸው ቀርቶ አንድ ሆነዋል። የተቀዳ ድምፅ አይደክመውም፤ ይህ ደክሞታል። ከሳምንት በፊት የኩሽኔታን ሞት የምሰማው ሰውዬ ከረፋድ እስከ ከሰዓት የሰውን ድካም አልሰማሁም።

ሮጥኩ። በዚህ ሰውነት ሮጥኩ ማለት ለአንባቢ ቢከብደውም ሮጥኩ። ብርቄ ከኋላዬ ሰው እየጠራች መጣች።

ጋሽ ማቴዎስ ከዛፉ ሥር፣ እግሩ ከበታቹ ታጥፎ ተኝቷል። ቀና ብዬ ሳይ ድምፅ ማጉያው ግማሹ በጆንያ ተጠቅልሏል። ሽቦ መፍታት ስለማያውቅ አፉን በጆንያ ሊያስረው ነበር የወጣው። እርጥብ ግንድ አንሸራተተው።

«ሰው ነህ ወይስ ሽቦ?» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይከፍት።

«ጀማል ነኝ ጋሼ።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

በእርሻው መኪና ሚዛን ሆስፒታል አደረስነው። እግሩ ተጠገነ፤ አጥሮ ግን ነው የተጠገነው። ሪፖርት ጻፍ ተባልኩና «ዛፉ እርጥብ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ዛፉም እርጥብ ነበር። አምስተኛውን ድምፅ የዚያኑ ቀን አጠፋሁት፤ ከዚያ ወዲህ በተከልኩት መሣሪያ ሁሉ የሰው ድምፅ አላስገባሁም። ቆርቆሮ የሚመታ አበጀሁ፤ ሰዓቱንም ቦታውንም በየቀኑ የሚቀያይር፣ አንዳንዴም ግማሽ ቀን ዝም የሚል። ዝምታውን ከማን እንደተማርኩት ታውቃላችሁ። አቶ ሰለሞን «ይህ ከበፊቱ ይሻላል» አለ። ይሻላል።

ልጠይቀው የሄድኩ ቀን ለካሳ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ስኳርና ብርድ ልብስ ይዣለሁ። እሱ ስኳሩን ለሚስቱ አሳለፈና እንዲህ አለኝ፤

«እግሬን ተወው፤ እግር ነው። አሁን በዚህ እግር ከቤት አልርቅም። አንድ ነገር ቢመጣ ያለኝ ጥሪዬ ነው። ብጠራ ግን ማን ይመጣል? ሽቦ ነው ይላሉ። ድምፄን ወሰድክብኝ ጀማል። መልስልኝ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«ቤት ለቤት ሂድ። አንተ ራስህ ሂድ። እኔ ነኝ የዋሸሁት፣ ማቴዎስ አይደለም በል። አሁን ሽቦው ላይ የለም፣ ከእንግዲህ ከሰማችሁ እሱ ራሱ ነው በል። ዐሥራ ሁለት ቤት ነው።»

ስልክ እንድደውልላቸው ለመንኩት። «አየህ፣ አሁንም ሽቦ!» አለኝ።

ሄድኩ። እኔ ቀልደኛው፣ በየበሩ ቆሜ የምለው ጠፋኝ። የመጀመሪያዋ፣ ያን ቀን ሊጥ በእጇ የመጣችው እናት፣ ተናግሬ እስክጨርስ ሰማችኝና «ስንት ጊዜ እንደሮጥኩ ታውቃለህ?» አለች። አላውቅም። «እኔም አላውቅም» አለች። «ግባ፣ ተቀመጥ።» አልተቀመጥኩም። አንድ ሽማግሌ በቤንችኛ ረጅም ነገር ተናገረና ልጁ «አባቴ አመስግኖሃል» ብሎ ተረጎመልኝ፤ የሽማግሌው ፊት ግን ምስጋና አይመስልም ነበር። አንዱ ሙዝ ሰጠኝ፤ አንዱ በር አልከፈተም፤ በሩ ላይ ቆሜ ለበሩ ነገርኩት። እንዲህ እያልኩ ዐሥራ አንድ ቤት አዳረስኩ።

በመጨረሻው ቀን ጋሽ ማቴዎስ ጓሮው ወጥቶ ምርኩዙን ተደግፎ ቆመ። «እንይ» አለና ጠራ። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። ከዚያ የለመድኩት ዝምታው መጣ። እኔ የማልጸልየው ሰውዬ ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ነበር። መጀመሪያ ከዳገቱ አንድ ሰው ታየ፤ ከዚያ ሁለት፤ ከዚያ ሊጥ በእጇ የመጣችው እናት፣ በዚህ ጊዜ እጇ ንጹሕ ነው። በር ያልከፈተልኝም መጣ። ሮጠው ነው የመጡት። ጋሽ ማቴዎስ አንድ በአንድ አያቸውና ወደ ወንዙ ማዶ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ወገን ማንም አልመጣም።

ወልዴ ቤቱን ዘግቶ ማሻ ያለች ልጁ ጋ ሄዷል። ማቴዎስ የወደቀ ቀን ከሁሉ ቅርብ የነበረው እሱ ነው፤ በቆሎው ውስጥ ሆኖ ጥሪውን ከረፋድ ጀምሮ ሰምቶታል። ሊነሡ ያሉ ሰዎችን ሁሉ «ሽቦ ነው፣ ሥራችሁን ሥሩ» ያለው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የማቴዎስን ፊት ማየት አቃተው። ሳይሰናበት ሄደ።

«በዚህ እግር ማሻ አልደርስም» አለኝ ጋሽ ማቴዎስ። «አንተ ሂድና ወልዴን፣ ጆሮህን ያደነቆርኩት እኔ ነኝ በለው። ማቴዎስ አልተቀየመህም፣ ና ይልሃል በለው። ሌላ ነገር አትጨምር። ቀልድም እንዳትጨምር።»

ሁለት ጊዜ ተሳፍሬአለሁ። መጀመሪያ ቴፒ ላይ ወረድኩ፤ ሆዴን አመመኝ ብዬ። ሁለተኛም ቴፒ ላይ ወረድኩ፤ ያኔ ምንም አላመመኝም። መንገዱ አያስፈራኝም፤ ዝናቡም ሰበብ ነው። ሌሎቹን ዐሥራ አንድ ቤቶች ያስሮጥኳቸው በከንቱ ነው፤ ያንን ይቅር አሉኝ። ወልዴን ግን ጓደኛው ሲጠራው እንዳይሮጥ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ቀልድ ሳልጨምር ይህን ማለት እስከ ዛሬ አፌ አልለመደውም። ጋሽ ማቴዎስ ባየኝ ቁጥር አይጠይቀኝም፤ ወደ ወንዙ ማዶ ብቻ ያያል። አንድ ቤት ይቀረኛል፤ የወልዴ።